ሐረጎ ላይ የምትፈላው መኪና፦ የአንዲት አሮጌ ቢኤምደብሊው ጥገና የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ያስቸገረችኝን አንዲት መኪና ጉዳይ፣ ከመነሻው አንሥቶ አሁን እስካለችበት ሁኔታ ድረስ ይተርካል። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራች ባለ ሁለት በር ቢኤምደብሊው 2002 ናት፤ ብልሽቷም በየጋራዡ በየቀኑ የሚሰማው፣ ዳገት ስትወጣ መፍላት ነው። ለእንዲህ ያለ ተራ ብልሽት ይህን ያህል መጻፍ ለምን አስፈለገ ለሚለኝ አንባቢ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። መኪናዋ አራት ጊዜ ተጠግናለች፣ አራቱንም ጊዜ ተመልሳ ፈልታለች። የጠገኗት ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ሰው እጅ የተደረገባትን አንድ ለውጥ እነርሱም እኔም እንደ ተፈጥሮዋ አድርገን ተቀብለነው ነበር።

መኪናዋና መንገዱ

የገዛኋት በመስከረም 2015 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ጡረታ ከወጡ አንድ አባት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ በደረሰ ጊዜ ባትሪዋና ሁለት ጎማዎቿ ተወስደው፣ እርሷ ግን በግንብ አጥር ውስጥ በሸራ እንደተሸፈነች፣ በድንጋይ ላይ ተደግፋ ተርፋለች። ባለቤቷ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲነዷት የኖሩት ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ብቻ እንደሆነ ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብዙ ያልደከመች መኪና አገኘሁ ብዬ ነበርና። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የጉዳዩን ግማሽ መልስ ይዛ እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ስለ ስሟ ጥቂት ልበል። 2002 የሚለው ቁጥር ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ 2,000 ሲሲ የሚጠጋውን ሞተሯንና ሁለቱን በሮቿን የሚያመለክት የሞዴል ስም ነው። ከኋላዋ የተለጠፈውን ቁጥር እያዩ «ለ2002 ሞዴል እጅግ ተጎድታለች» የሚሉኝ ሰዎች ግን አሁንም አሉ፤ እኔም ማስረዳቱን ትቼዋለሁ። ፋብሪካው ሞዴሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ሞተሯ በአሌክስ ፎን ፋልከንሃውዘን መሪነት ተነድፎ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በ1500 ሞዴል ላይ የተገጠመው፣ ኤም 10 የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲሆን፣ በዚህች መኪና ላይ 1,990 ሲሲ ይዞ 100 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሲሊንደሮቹን የያዘው ብሎክ ብረት፣ ከላይ የሚከድነው ቴስታታ አልሙኒየም ነው፤ ባልቦላዎቹን (የአየርና የጢስ በሮቹን) የሚከፍተው ካምሻፍትም ቴስታታው ውስጥ ሆኖ በሰንሰለት ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1983 ኔልሰን ፒኬ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነባት የብራብሃም መኪና ቱርቦ ሞተር የተሠራው በዚሁ ብሎክ መሠረት ላይ ነበር። ይህን የማነሣው ትንሽ ለኩራት ቢሆንም፣ ከዚያ በላይ ግን ብዙ ሰዎች «ሞተሩ አርጅቷል፣ የቶዮታ አስገባባትና ተገላገል» ብለው ስለመከሩኝ ነው። ያንን ግፊት ተሸክሞ ዓለምን ያሸነፈ ብሎክ በሐረጎ ዳገት ይሸነፋል ብዬ ማመን አቃተኝ።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ፣ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታውን ልዩነት አብዛኛውን የሚያስወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ከወደብ ተነሥተው በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጡ የጭነት መኪኖች እዚያ ላይ ሲያቃስቱ፣ ከኋላቸው የተሰለፈ የቤት መኪና በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተተ ይወጣል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ መኪናው ስለማይፈጥን ግን ራዲያተሩ ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ አያገኝም።

በዚህ ላይ የከፍታው ነገር አለ። እኔ በሙያዬ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼን በየዓመቱ ከማስደንቅባቸው ነገሮች አንዱ ደሴ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ የማይፈላ መሆኑ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ሥራው ይህን ማካካስ ነው፤ 1 ባር ተጨማሪ ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ደሴ ላይ ውሃውን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለበት መኪና ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ምንም ሳይሆን፣ እዚህ አገር ይንተከተካል። ስለዚህ መጀመሪያ የቀየርኩት ክዳኑን ነበር፤ ልክ ነበርኩ፣ ግን አልበቃም።

አራቱ ጥገናዎች

መጀመሪያ የፈላችብኝ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ወደ ደሴ ሳመጣት ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ራዲያተሩን ፈትቶ፣ ላይና ታቹን ከፍቶ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በቀጭን ዘንግ ጠረገው። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላባት ስለኖረ የወጣው ዝገትና ጨው አንድ ጣሳ ይሞላ ነበር፤ ያንን ሲያሳዩኝ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሐረጎ ላይ ፈላች። ራዲያተሩ በሌላ ቦታ ለሁለተኛ ጊዜ ተከፍቶ ንጹሕ መሆኑ ከታየ በኋላ፣ ጥርጣሬው ወደ ውሃ ፖምፓው ዞረ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የተገኘ ፖምፓ ተገጠመ፤ የወጣው የድሮው ፖምፓ ግን ኩሽኔታው ጥቂት ከማንኳኳቱ በስተቀር ክንፎቹ ሙሉ ነበሩ። እንደገና ፈላች። ሦስተኛው መፍትሔ ከሌላ መኪና የተወሰደ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ከራዲያተሩ ፊት ማሰር ነበር፤ ስለዚህኛው ብዙ የምለው የለኝም፣ ድምፁ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ይሰማ ነበር።

አራተኛው ጥገና ከባዱ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በማርሚታው (በጢስ ማውጫው) ነጭ ጢስ መውጣትና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ መታየት ጀመረ፤ ይህም የቴስታታው ጋርኒሲዮን (ከብሎኩ ጋር የሚያሽገው ስስ ንጣፍ) መሄዱን የሚናገር ምልክት ነው። ብረትና አልሙኒየም በሙቀት የሚለጠጡበት መጠን የተለያየ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ሞተር ደጋግሞ ሲፈላ መጀመሪያ የሚጣመመው ቴስታታው ነው። አውርደን ቀጥ ያለ ብረት አጋድመን በስፔሶሜትር (በስስ የመለኪያ ምላጮች) ስንለካው መሀሉ ላይ 0.12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ነበረው። ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ ቶርኖ ቤት ተላጨ፣ ባልቦላዎቹ በመቀመጫቸው ላይ ተፈጩ፣ አዲስ ጋርኒሲዮን ገባ፣ ቡሎኖቹም ከመሀል ወደ ዳር በሦስት ዙር ተጠበቁ። ሥራው በጣም ንጹሕ ነበር፤ እስከ ዛሬም ጠብታ አላፈሰሰም። መኪናዋ ግን በመጀመሪያው የሐረጎ ጉዞ መርፌዋ ቀዩን ነካች፤ እኔም ዳር ይዤ ቆሜ አዲሱ ጋርኒሲዮን ሳይቃጠል ሞተሩን አጠፋሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አራተኛው ጥገና ትክክለኛ ብልሽትን የጠገነ ነው፤ ቴስታታው በእርግጥ ተጣሞ ነበር። ነገር ግን የተጣመመው በመፍላቷ ምክንያት ነበር፤ እኛ ደግሞ የመፍላቷ ምክንያት አድርገን ቆጠርነው። ውጤትን በምክንያት ቦታ ማስቀመጥ በክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያደርገው የምቆጣበት ስሕተት ነው።

መለካት

ከዚያ በኋላ ለወራት ኮምቦልቻ አቆምኳት። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ፣ አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ከርቀት ሙቀት የሚያነብ ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ፣ አንድ ወዳጄን በረዳትነት ይዤ፣ ከኮምቦልቻ መውጫ ጀምሮ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ እየቆምኩ ሦስት ቦታ ለካሁ፦ ውሃ ከቴስታታው የሚወጣበትን አንገት፣ የራዲያተሩን የታችኛውን ቱቦ፣ እንዲሁም ከቴስታታው ተነሥታ ራዲያተሩን ሳትነካ ወደ ፖምፓው አቅጣጫ የምትወርደውን አጭር ቱቦ። ይህችን ሦስተኛዋን የለካሁት አውቄ ሳይሆን ስላየኋት ብቻ ነው።

ሜዳው ላይ ሁሉም ሰላም ነበር። ሐረጎ ወገቡ ላይ ስንደርስ የቴስታታው አንገት 107 ዲግሪ፣ አጭሯ ቱቦ 106 ዲግሪ፣ የራዲያተሩ የታችኛው ቱቦ ግን 49 ዲግሪ አነበበ። ቁጥሮቹን በደብተር ስጽፍ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። ሞተሩ ሊፈላ ደርሶ ሳለ ራዲያተሩ እጅ የሚያስቀምጡበት ሙቀት ብቻ ነበረው፤ ማለትም ራዲያተሩ የሚያቀዘቅዘው ውሃ አጥቶ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የተደፈነ ራዲያተርም ተመሳሳይ ንባብ ሊሰጥ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ስለታየ ግን ያ ግምት ቦታ አልነበረውም።

ደብተሩን ይዤ ደሴ ውስጥ በእርጅና ምክንያት ጋራዣቸውን ለልጆቻቸው ወዳስረከቡ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሄድኩ። በጀርመን መኪኖች ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ እንደሞቀ ቱቦዎቹን በእጃቸው ጨበጥ ጨበጥ አደረጓቸው።

«ጋሼ፣ ፖምፓው ደከመ ይሆን?» አልኳቸው።

«ፖምፓው ምን አደረገህ? አብሽር፤ ውሃው አቋራጭ አግኝቶ ነው» አሉኝና፣ ሦስቱ ቱቦዎች የሚገናኙባትን የቆርቆሮ ጣሳ የመሰለች ነገር በካቻቢቴ ጫፍ ኳ ኳ አደረጓት። «ይቺ ሆዷ ባዶ ነው።»

የተነሣው ቴርሞስታት

ቴርሞስታት በብዙ መኪኖች ላይ ቀላል በር ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል። እንዲህ ያለውን አውጥቶ የጣለ ሰው የሚያመጣው ጉዳት ሞተሩ ቶሎ አለመሞቁ ነው። ምናልባትም በዚህ ምክንያት፣ «ለእኛ አገር አየር አያስፈልግም» የሚለው አባባል በጋራዦቻችን ውስጥ እንደ ሕግ ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል። የ2002 ቴርሞስታት ግን ሁለት ሥራ የያዘ ባለ ሦስት አፍ ነው። አንዱ አፍ ከራዲያተሩ ታች፣ ሁለተኛው በአጭሯ ቱቦ በኩል ከቴስታታው ይቀበላሉ፤ ሦስተኛው ለፖምፓው ይሰጣል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የራዲያተሩን አፍ ዘግቶ ውሃውን በአጭሯ ቱቦ ያሽከረክረዋል። 80 ዲግሪ ገደማ ላይ የራዲያተሩን አፍ መክፈት ሲጀምር፣ በዚያው እንቅስቃሴ አጭሯን ቱቦ እየዘጋ ይሄዳል። የውስጡ ዕቃ ሲወጣ ሁለቱም አፎች ለዘለዓለም ክፍት ይሆናሉ፤ ውሃ ደግሞ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ በጠባቦቹ የራዲያተር ቱቦዎች መንገላታቱን ትቶ በአጭሯ ቱቦ በኩል፣ እንደ ጋለ፣ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሞተሩ በራሱ ትኩስ ውሃ ይታጠባል ማለት ነው።

ጣሳ የመሰለውን ቴርሞስታት ፈትተን ወደ ብርሃን ስናነሣው በአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ብርሃን ታየን። ከውጭ ቀለሙና ቅርጹ ሙሉ ነው፤ ለዚህም ነው አራቱም ጋራዦች «ቴርሞስታት አለው» ብለው ያለፉት። ውስጡ ግን በካቻቢቴና በመዶሻ ተፈልፍሎ ወጥቷል። ለቀድሞው ባለቤት ደወልኩና ስጠይቃቸው ትንሽ አሰብ አድርገው፣ ከብዙ ዓመት በፊት መኪናዋ አንድ ቀን ከተማ ውስጥ ፈልታ፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ መቅረቱ ታውቆ፣ አንድ መካኒክ «አስወግጄልዎታለሁ» እንዳላቸው አስታወሱ። ከዚያ ወዲህ አልፈላችባቸውም። ልክ ናቸው፤ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ወደ ራዲያተሩ የሚደርሰው ትንሽ ውሃ ለትንሹ ሙቀት ይበቃ ነበር፣ እርሳቸውም ሐረጎን አይወጡባትም።

ግምት ግን ግምት ነው፤ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መረጋገጥ ነበረበት። ሽማግሌው መካኒክ ከወይራ እንጨት አንድ ውታፍ ጠርበው አጭሯን ቱቦ ከውስጥ ደፈኗት። በማግሥቱ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ገደማ፣ ከአንድ ባለ ተሳቢ ኋላ ወጣሁ። የቴስታታው አንገት ከ90 ዲግሪ አላለፈም። በአንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ መኪናዋ ሳትቆም ደሴ የገባችበት የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ የጠገናትም የማገዶ ቁራጭ ነው።

ውታፉ ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ ራሴንም ፈትኖኛል። ያልበቃበት ምክንያት በሳምንቱ ውስጥ ታየ። አጭሯ ቱቦ ተደፍና ቴርሞስታትም ከሌለ ውሃው ሁሉ ሁልጊዜ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል፤ በደሴ የጥር ጠዋት ብርድ ሞተሩ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት 55 ዲግሪ እንኳ አይደርስም ነበር። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ሳይተን የቀረ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘይቱን ያቀጥናል፣ እርጥበቱም የዘይት መሙያውን ክዳን ቡናማ አረፋ ያለብሰዋል። ፈሊ መኪናን ለማዳን ፒስቶንን ያለ ዕድሜው መብላት ጥሩ ንግድ አይደለም።

ባለ ሦስት አፉ ቴርሞስታት ሶማሌ ተራ አልተገኘም። የካቲት ላይ ከጀርመን በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ከጥቂት ትናንሽ ዕቃዎች ጋር መጣልኝ፤ በዚህ ጉዳይ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሹም እርሱ ነበር። ሳልገጥመው በፊት ድስት ውስጥ አስቀምጬ፣ ቴርሞሜትር ነክሬ፣ ምድጃ ላይ ሞከርኩት፤ የድስቱ ባለቤት ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ደሴ ላይ ውሃው ከመፍላቱ በፊት 80 ዲግሪን በደንብ ስለሚያልፍ ሙከራው ይሠራል፤ 81 ዲግሪ ላይ አንዱ በር ሲከፈትና ሌላው ሲጠጋ በዓይኔ አየሁ። የቧንቧ ውሃውን ፈጽሜ አፍስሼ፣ እኩል በእኩል የተቀላቀለ የራዲያተር ፈሳሽና የተጣራ ውሃ ሞላሁ፤ ብረትና አልሙኒየም አንድ ውሃ ውስጥ ሲኖሩ አልሙኒየሙ እንዳይበላ የሚከላከለው ይህ ነውና። በዚያው የሐረጎ ወገብ ላይ የተነበበው የመጨረሻ ቁጥር የቴስታታው አንገት 89፣ የራዲያተሩ ታች 74 ነው። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተሩን በማግሥቱ ፈትቼ መለስኩት።

ከዚያ በኋላ የመጣው

ሙቀቱ ሲረጋጋ ከሥሩ ተደብቆ የነበረ ሌላ ጉድለት ብቅ አለ። መኪናዋ ደሴ ላይ ስትቆም ትንተባተባለች፣ ካንዴላዎቿ እንደ ጥላሸት ይጠቁራሉ፣ ቤንዚን ትጠጣለች። ይህ የሚጠበቅ ነው። ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው፣ ነጠላ ጉሮሮ ያለው ሶሌክስ ካርቡራተሯ አየሩ ምን ያህል እንደሳሳ አያውቅም፤ በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 78 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በካርቡራተሩ የሚያልፈው ቤንዚን በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ድብልቁ ከ12 እስከ 13 በመቶ ያህል ይወፍራል። ከ100ው የፈረስ ጉልበት ደሴ ላይ 80 እንኳ እንደማይቀር እግረ መንገዴን ልጥቀስ፤ ይህን ማንም መካኒክ አይጠግነውም።

መፍትሔው ቤንዚኑን የሚለካውን፣ ጄት የሚባለውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን ማሳነስ ነው። ውስጡ ያገኘሁት 140 የሚል ነበር፤ ይህም 1.40 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለደሴ ብቻ ባሰላ ስድስት በመቶ፣ ለኮምቦልቻ ብቻ ባሰላ ከአራት በመቶ ጥቂት የሚበልጥ የዲያሜትር ቅናሽ ያስፈልግ ስለነበር፣ በመካከል 132.5 መረጥኩ። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ቀጭን ድብልቅ ሞተርን ያግላል፤ ይህንን ሥራ ቴርሞስታቱ ሳይገባ ብሠራው ኖሮ ሌላ ቴስታታ አጣምሜ ነበር። አሮጌውን ጄት አልጣልኩትም፤ በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ የምወርድበት ቀን ከመጣ መመለስ ይኖርበታል።

በዚያው ሳምንት የባልቦላዎቹን ክፍተት፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ፣ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ባለው ልክ ውስጥ አስገባሁ። በዚህ ሞተር ላይ ክፍተቱ የሚስተካከለው ባልቦላውን በሚገፋው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችውን፣ ቀዳዳዋ ከመሀል የራቀ ቀለበት በታጠፈ ሽቦ እያዞሩ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ሁለት ሰዓት፣ ለለመደ ሰው ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። የካንዴላዎቹን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው ፑንቲና 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ ከተስተካከለ በኋላ የእሳቱ ሰዓት፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ የሚታየው በቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ በተቀበረች ትንሽ የብረት ኳስ ነው፤ የቫኪዩም ቱቦው ተነቅሎ ሞተሩ በደቂቃ 1,400 ዙር ሲዞር፣ ብልጭታ በሚሰጥ መብራት ስትታይ በመስኮቷ ጫፍ ላይ መቆም አለባት። የእኔዋ ከመስኮቷ ፈጽሞ ወጥታ ነበር፤ የዘገየ እሳትም ሞተርን ስለሚያግል በሐረጎው ታሪክ ውስጥ የራሱ ትንሽ ድርሻ እንደነበረው እገምታለሁ።

ስለ አካሏ ያለኝ አቋም ብዙ ወዳጆቼን አላስደሰተም፤ ሙሉ ቀለም አላስቀባኋትም። የክረምቱ ዝናብ የፊት አሞርዛተሮቹ የሚታሰሩበትን ላሜራ ከሥር በልቶት፣ አንድ ሰው ደግሞ በላዩ ላይ ጣት የሚያክል ስቱኮ ለጥፎ ቀብቶበት ነበር። ስቱኮ ብረት አይደለም፤ ያ ቦታ የመኪናዋን የፊት ክብደት የሚሸከም ነው። ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ ተበየደ፣ ከሥር ዝገት ተከላካይ ተቀባ። የትርፍ ጎማው ጉድጓድም እንዲሁ። የቀረው ቀለም ደብዝዟል፣ ቦታ ቦታ ተላጥቷል፤ ከታች ያለውን ዝገት በግልጽ ስለሚያሳየኝ ለጊዜው ከአዲስ ቀለም ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ ዳገት የሚያስፈራው ሰው ቁልቁለቱንም ሊፈራ ይገባል። በማስተር ውስጥ የነበረው የፍሬን ዘይት እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ሲገባበት የሚጠበቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሡ ለሚወርዱ ሰዎች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የፊት ካሊፐሮቹ ተፈትተው የዛጉት ፒስቶኖች ተለወጡ፣ ዘይቱም ሙሉ በሙሉ ተቀየረ።

አሁን ያለችበት

ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሐረጎን በሳምንት ሁለት ጊዜ ትወጣለች፤ አንድም ቀን አልፈላችም። ከመንግሥት በኩል በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በዚያው ዓመት ከተከለከለ ጀምሮ ስለ አሮጌ መኪና አያያዝ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። የማደርገው ይህን ነው፦ ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በዚያው ጊዜ ፑንቲናውንና ካንዴላዎቹን ማየት፣ ባልቦላዎቹን በየሁለተኛው ዘይት፣ የራዲያተሩን ፈሳሽና የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ። ከክረምት በፊት በሮቿ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ እጠርጋለሁ። እያንዳንዱ ሥራ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የተነካው ዕቃ በዚያው የሙቀት ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ከመኪናው ላይ የተወገደ ነገር ካለ ደግሞ በቀይ። መኪናዋን ከእኔ በኋላ የሚይዛት ሰው ቀዩን ቀድሞ እንዲያነበው ነው።

ያላለቀም አለ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ጎሚኒ ተሰነጣጥቆ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወለሉ ይርገበገባል፤ ዕቃው ታዝዟል። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት፣ ካምቢዮው ሳይሞቅ፣ ስትገባ ትጮኻለች። ካምቢዮውን ማውረድ ሰፊ ሥራ በመሆኑ እስከዚያ ድረስ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ እየረገጥኩ አስገባታለሁ።